ስልክ ውስጥ የፈረሰው የአዴ ዘይነባ ቤት

የጎረቤቴ የአዴ ዘይነባ ቤት ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ቀበሌ፣ ያለ አንዲት ቃል ማስጠንቀቂያ ከቦታው ተነሥቶ በእሱ ፋንታ የእኔ ቤት ሁለተኛ ተተክሏል። ይህ በደል ነው። ሌላ ስም የሚያወጡለት አሉ፤ «ማቅለል» ይሉታል። እኔ ግን በደል ብዬ ጀምሬያለሁና በደል ተብሎ ይያዝልኝ። በዳይዋም ሩቅ አይደለችም፤ ሕሊና የምትባለው የገዛ የልጅ ልጄ ናት።

የሮቤ ሰው ደንግጦ ዶዘር መጣ ብሎ ዕቃውን ማውጣት እንዳይጀምር ቶሎ ልናገር። ቤቱ ቆሟል። የፈረሰው ስልክ ውስጥ ነው። «ታዲያ ስልክ ውስጥ ከሆነ ምን ያስጮህሻል?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዘንድሮ ሰው በስልክ ይታጫል፣ በስልክ መርዶ ይረዳል፣ በስልክ ይሰደባል፣ በስልክ ይታረቃል። ቤቱ ሲፈርስበት ብቻ ነው «ስልክ ውስጥ ነው፣ ተይው» የሚባለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕሊና ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ኮምፒውተሯን ታቅፋ እኔ ዘንድ ተቀመጠች። ሥራ እስኪገኝ ከጎባ ጓደኞቿ ጋር ሆና ጌም ትሠራለች። ጌም ማለት ሰው ሥራ ፈትቶ አንገቱን ደፍቶ የሚጫወተው ነው። እሱን የሚሠራው ግን አንገቱን ደፍቶ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ይህን ከእሷ ነው የተማርኩት። የእነሱ ጌም ስለ ባጃጅ ነው። ባጃጁ ተሳፋሪ ጭኖ ከሮቤ ጎባ መድረስ አለበት፤ ነፋስ አለ፣ ጭቃ አለ፣ መሀል መንገድ ላይ የተኛ በሬ አለ። እስከዚህ ድረስ ውሸት የለበትም። የመጀመሪያው ደረጃ ደግሞ የእኛው ሰፈር ነው።

አንድ ቀን «እምዬ፣ ቤትሽን ላንሣው» አለችኝ። ነጠላዬን ቀይሬ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አንቺ ዞር በይልኝ፣ ቤቱን ብቻ ነው።»

ዞር አልኩ። መስኮቴ ላይ ካርቶን አለ። መስታወቱን የሰፈር ኳስ ሰብሮት እስካስገባ ድረስ ብዬ የለጠፍኩት ነው። ይህ «እስካስገባ ድረስ» ክረምቱን አልፏል። «ቆይ፣ መስታወት ላስገባ» ብላት «ካርቶኑ ነው የሚያምረው!» አለችኝ። ልጅ ካርቶን ያምራል ካለች ምን ይባላል? ሸፋፍኜው የኖርኩትን ጉድ አነሣችው።

ከዚያ ዒድ ደረሰ። በዒድ ዕለት እንደ ወትሮዬ በጓሮ በር ገብቼ አዴ ዘይነባ ቤት ሄድኩ።

ስለዚህ የጓሮ በር ሳልናገር ባልፍ ነገሩ አይገባም። በእኛ ሰፈር የፊት በር ለእንግዳ ነው። ለለቀስተኛ፣ ለሽማግሌ፣ ለመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ጎረቤት ግን በጓሮ ነው የሚገባው። በእኔና በአዴ ዘይነባ አጥር መሀል አንዲት የቆርቆሮ በር አለች፤ ገፋ ሲያደርጓት ታቃስታለች እንጂ ትከፈታለች። በእሷ በኩል እርሾ ይሄዳል፣ ጨው ይመጣል፣ ወሬ ይመላለሳል። እኔ ስጾም የእሷ ወተት በዚያች በር አይመጣም፤ እሷ ስትጾም የእኔ ድስት ሽታ ወደዚያ እንዳይሄድ ነፋሱን አይቼ ነው የማበስለው። በፊት በር የሚመጣ ጎረቤት ካያችሁ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ሰው ሞቶበታል።

እንግዲህ በዒዱ ለእኔ ብላ የሠራችውን ጩኮ አቀረበችልኝ። ገብስና ቅቤ ነው፣ የባሌ ሰው ያውቀዋል፤ ሌላው ይቅናበት። ሕሊናም አብራኝ ነበረች። ጩኮውን ሳትጨርስ ስልኳን አወጣች።

«አዴ፣ ሰፈራችንን ይዩት! እርስዎም አሉበት!»

አዴ ዘይነባ መነጽሯን አደረገች። ባጃጁ ተነሣ። የእኔ ቤት መጣ። በሩ አረንጓዴ፣ መስኮቱ ካርቶን፣ ልክ እንደኔው።

«ይሄ የሃዳ አልማዝ ቤት ነው» አለች። ሃዳ አልማዝ እኔ ነኝ፤ በኦሮምኛ የአልማዝ እናት ማለት ነው፣ አዴ ደግሞ እትዬ እንደ ማለት። እዚህ ብዙ ሴት የምትጠራው በመጀመሪያ ልጇ ነው፤ የራሴን ስም የሚያውቀው ቀበሌ ብቻ ነው። «ይሄ ቀጥሎ ያለውስ የማን ነው?»

ሕሊና ጉሮሮዋን ጠረገች። «እሱ… የእርስዎ ነው፣ አዴ።»

አየሁት። በሩ አረንጓዴ። መስኮቱ ካርቶን። የአዴ ዘይነባ ቤት ሰማያዊ በር ያለው፣ በረንዳው በእንጨት ምሰሶ የቆመ፣ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። እሱ የት ሄደ? ባጃጁ ቀጠለ። የባለ ሱቁ ቤት፣ መስኮቱ ካርቶን። ወፍጮ ቤቱ፣ መስኮቱ ካርቶን። ሰፈሩ በሙሉ እኔን ሆኖ ቁጭ ብሏል! አንዲት ኳስ ሮቤን በሙሉ ሰባብራ የሄደች ይመስላል።

አዴ ዘይነባ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ያንን የሷ የተባለውን ቤት ረጅም ጊዜ አየችው። ምንም አላለችም። ከዚያ «ማሻአላህ» አለች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ «ጩኮ ጨምሩ እንጂ» አለች። በቃ።

ዝም ያለ ሰው ያስፈራኛል። የሚጮኸውን አውቅበታለሁ፤ እኔም እጮሃለሁ፣ እንጨርሳለን። በማግስቱ ጠዋት እርሾ ልዋስ ወደ ጓሮ ሄድኩ። የቆርቆሮዋ በር በሽቦ ታስራለች። ያውም በወፍራም ሽቦ፣ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በእኔና በአዴ ዘይነባ መሀል በመንግሥት መለዋወጥ፣ በድርቅ፣ በልጆቻችን ጠብ ያልተዘጋች በር ናት። አንድ ስልክ ዘጋት!

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እግሬ አልቀመጥ አለ። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ። ሽሮ ላማስል ብዬ ጀምሬ ማማሰያውን እንደያዝኩ ጓሮ እገኛለሁ። ሽቦውን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ሽሮው አርሮ ይጠብቀኛል። ገበያ ወጥቼ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ሎሚ ይዤ ተመለስኩ። ሎሚ ለምኔ ነው? በመጨረሻ ቆርጬ በፊት በር፣ በዋናው መንገድ ዞሬ፣ አዴ ዘይነባ ቤት ሄድኩና አንኳኳሁ። እኔ! አንኳኳሁ!

ከፈተች። አየችኝ። «ግቢ» አለች። ሳሎን አስቀመጠችኝ። ለእንግዳ የሚወጣውን፣ ጠርዙ ወርቃማ የሆነውን ብርጭቆ አውጥታ ሻይ ቀዳችልኝ። ስንት ዘመን በጣሳ ውኃ ከእንስራዋ ቀድቼ የጠጣሁባት ቤት! ስለ ብርዱ ተጠያየቅን። የሳነቴ ተራራ ነፋስ ዘንድሮ ጠንክሯል አልኩ። እውነት ነው ጠንክሯል አለች። ተነሥቼ ወጣሁ። ይህን የመሰለ ቅዝቃዜ ሳነቴ ላይም የለም።

ቀጥታ ወደ ሕሊና።

«የአዴ ዘይነባን ቤት መልሺ!»

«እምዬ፣ አይቻልም። ይከብዳል።»

«ምን ይከብዳል? ጭቃ ነው እኮ!»

ወደ ኮምፒውተሯ ሳበችኝና ቤቴን አሳየችኝ። ላዩ የለበሰው ሥዕል እንደ ቆዳ ሲገፈፍ ቤቴ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ሆነ። ሦስት ማዕዘን አራተኛ ክፍል ሳለሁ ተምሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልተገናኘንም ነበር። ለካ ጌም ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ግድግዳውም በሬውም ሰውም፣ ከእሱ ነው የሚሠራው። ሦስት ማዕዘኑ በበዛ ቁጥር ስልኩ ይደክማል፣ ይሞቃል፣ ስታክ አድርጎ ድርቅ ይላል። አንድ ቤት ሠርቶ እሱኑ ኮፒ ማድረግ ግን ለስልኩ ቀላል ነው። ለዚህ ነው ሰፈሩ በእኔ የተሞላው።

«ታዲያ ለምን የእኔን?»

«ያንቺ ቀጥ ያለ ነው፤ ሳጥን ነው። የአዴ በረንዳ አለው፣ ምሰሶዎቹ ጠማማ ናቸው፣ ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል። ጠማማ ነገር ሦስት ማዕዘን ይበላል።»

እንግዲህ ስሙ። ቀጥ ያለው ርካሽ፣ ያረጀው ውድ። በሌላው ዓለም ተገላቢጦሽ መሆኑን እኔ ዕድሜ ያጎበጠኝ እመሰክራለሁ።

«ባለ ስልኩ ሁሉ እንዲጫወተው ነው የምንሠራው፣ እምዬ። ባንቺ ስልክ ካልሄደ ምን ዋጋ አለው?»

ስልኬን ሰደበችው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፣ ባትሪውም በጎማ ነው የታሰረው፤ ይሠራል ግን። «በይ ጫኚልኝ» አልኳት። «ራሴ ገብቼ አያለሁ።»

ጫነችልኝ። ባጃጅ ነዳሁ። ሰው ባጃጅ ከባድ ነው ይላል እንዴ? ሁለት ጣት ነው። በሬውን ገጨሁት፣ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ አለፍኩ። ቤቴ ደረስኩ። ባሕር ዛፎቹ ግን አላማሩኝም። ወረቀት ናቸው። ውፍረት የላቸውም፤ የትም ብትሄዱ ፊታቸውን ወደ እናንተ ያዞራሉ፣ ልክ እንደ ሰፈር ወሬኛ። እሺ ብዬ አለፍኩ። ከዚያ እጄ በልማዱ ባጃጁን በእኔ ቤትና የአዴ ዘይነባ በተባለው መሀል አስገባው። ወደ ጓሮ በሯ ነዋ! ሌላ በምን ልሂድ?

የቤቴን ጀርባ አየሁ። ጀርባ የለውም! ፊት ለፊቱ ብቻ ቆሞ ከኋላ ባዶ ነው፣ ሸሚዙን ፊት ለፊት ብቻ ተኩሶ ለበዓል የወጣ ጎረምሳ ይመስላል። ይህን ገና ሳላጉረመርም መሬቱ አለቀ። ባጃጁ ተሳፋሪዋን እንደያዘ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች። ከበታቻችንም ሰማይ ነው፣ ከበላያችንም ሰማይ ነው።

«ኡ ኡ! ሴትዮዋን ገደልኳት!» ብዬ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩ። ጎረቤት ሲሰበሰብ ሕሊና ነው በሩ ላይ ቆማ የመለሰችው። ተሳፋሪዋ አልሞተችም አለችኝ፤ ዝም ብላ ትወድቃለች፣ ማለቂያም የለው። ከሞት ይሻላል ወይ?

ሕሊና ግን በደስታ አቀፈችኝ። «እምዬ፣ ቀዳዳ አገኘሽልኝ! ማንም በዚያ ይገባል ብዬ አላሰብኩም!»

«ማን በሌላ በኩል ይገባል? የጓሮ በራችን እኮ እዚያ ነው!»

ሰማችኝ? ኮምፒውተሯ ላይ ተደፋች፤ ሻይ ሳይፈላ ተመለሰች። «ዘጋሁት» አለች። እዚያ ቦታ ላይ የማይታይ ግድግዳ አቁማበታለች። ባጃጁ ሲደርስ አየር ገጭቶ ይቆማል። አያችሁልኝ? እውነተኛዋ በር በሽቦ ታስራ፣ የስልኳ ደግሞ በማይታይ ግድግዳ ተዘጋች። መሄጃ አጣሁ።

«በቃ» አልኳት፣ «ከእኔ ላይ ቀንሰሽ ለአዴ ስጪ። ሚዛኑ ያው ይሁን። ምን ይነሣልሽ?»

እንዲህ ብዬ ስቀመጥ እንደ ሽማግሌ ነበር፤ ስነሣ ግን እንደ አፍራሽ ግብረ ኃይል ሆኜ ነበር። መጀመሪያ ሮቶዬ ተነሣ። የውኃ ሮቶ ክብ ነው፣ ክብ ነገር ደግሞ ሆዳም ነው፤ ከቤቱ በላይ ሦስት ማዕዘን ይበላ ኖሯል። «አራት ማዕዘን አድርጊው» አልኩ። አራት ማዕዘን ሆነ፤ የተከመረ ጡብ መሰለ። በስልኬ ሞከርን፣ ስታክ አደረገ። የቆርቆሮዬ ሸንተረር ተነሥቶ በሥዕል ተተካ። ስታክ። ጌሙ ውስጥ ደጄ ላይ የምትቆም አህያ አለች፣ የእሷም እግሮች ሁለት ሁለቱ እንዲጣበቁ ፈቀድኩ፤ አህያዋ ሱሪ የለበሰች መሰለች። አሁንም ስታክ። ስልኬ ሞቀ፤ የሚያመኝን ጉልበት እስካሞቅበት ድረስ ሞቀ።

«የባለ ሱቁ ዲሽ ይነሣ» አልኩ።

«እሱን ጠይቀሽዋል?»

«ቴሌቪዥኑን ሲያይ እንጂ ዲሹን ሲያይ አይቼው አላውቅም። አንሺው!»

ዲሹ ተነሣ። ስልኬ ተነፈሰ። ባጃጁ እንደ ቅቤ ተንሸራተተ።

«አሁን የአዴን ሥሪ» አልኩ። ሠራች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ። ልቀመጥ ብል አልችልም፤ አንዴ በቀኝ ትከሻዋ፣ አንዴ በግራዋ። ምሰሶውን ቀጥ አድርጋ አቆመችው። «አጣሚው!» አልኩ። አጣመመችው። «ወደዚያ አይደለም፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ!» አለችኝ፦ «እምዬ፣ እባክሽ ጓሮ ሂጂ።» ጓሮማ ሽቦ አለ። ሰማያዊውን በር ቀባች። ጣሪያው መሀሉ ላይ እንደ አሮጊት በቅሎ ወገብ ጎበጥ ብሏል፤ እሱንም አጎበጠችው። ስትጨርስ አየሁት። የአዴ ዘይነባ ቤት ነው። ማንም አይክደውም። ልጅቷ እጅ አላት፤ ሲኮረኩሯት ነው እንጂ።

የጓሮ በሯን ጠየቅኳት። «መሬት የለም፣ ጀርባ የለም፣ እምዬ፤ እሱን ከከፈትኩ ሁሉን ነው የምሠራው» አለች። ስትደክም ዓይኗ ይቀላል፤ አሳዘነችኝ። ይቅር አልኩ። ቤቱ ከተመለሰ በሩ ይመለሳል ብዬ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ፣ በዋናው መንገድ ዞሬ፣ አንኳኳሁ።

አዴ ዘይነባ ከፈተች። ፊቷ ደነገጠ።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ? ሰሞኑን በፊት በር ትመጫለሽ! ባለፈው ስታንኳኪ ሰው ሞተ ብዬ ነበር፣ ወላሂ። ብርጭቆ አስወጣሽኝ። ምን ልበል? በፊት በር ለመጣ ሰው በጣሳ ይሰጣል?»

«አንቺ አይደለሽ በሩን ያሰርሽው?»

«የትኛውን በር?»

«የጓሮውን ነዋ! በዒዱ ማግስት! በወፍራም ሽቦ!»

አዴ ዘይነባ ግንባሯን መታች። «ያ ረቢ! ለጥጃዋ ነው! ልጄ ከዲንሾ ጥጃ አምጥቶልኝ ሌሊቱን ወዳንቺ ጓሮ ዘልቃ ጎመንሽን ጨረሰችው እኮ። እስክትለምድ ብዬ አሰርኩት።»

ጎመኔ መጋጡን አይቻለሁ። ጃርት ነው ብዬ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በጓሮ ትመጫለሽ ብዬ ስጠብቅ! ሽቦ ነው እኮ፣ ሃዳ አልማዝ፣ ቁልፍ አይደለም። እጅ የለሽም?»

እጄን አየሁት። አለኝ። ስልክ ይዞ ነበር።

«ኮቱ፣ ግቢ» አለችኝ። ሳሎን ሳይሆን ወጥ ቤት ገባን። ትንፋሼ ተመለሰ። ግን ይህን ሁሉ ደክሜ እንዴት ሳላሳይ ልሂድ? «በይ መነጽርሽን አድርጊ» አልኩና ስልኩን ሰጠኋት። ባጃጁ ተነሣ። የእኔ ቤት አለፈ፣ የእሷ መጣ፤ ሰማያዊ በር፣ ጠማማ ምሰሶ፣ ጎባጣ ጣሪያ። ከአሁን አሁን ታመሰግነኛለች ብዬ ጉሮሮዬን አዘጋጀሁ።

ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ማን መለሰው?» አለች።

«እኔ። ከሕሊና ጋር ተጣልቼ። ሮቶዬን አስፈርሼ። የባለ ሱቁን ዲሽ ሳይቀር…»

«እሷ ስታፈርሰው አልጠየቀችኝም» አለች አዴ ዘይነባ። «አንቺ ስታሠሪው አልጠየቅሽኝም።»

ሕይወቴን በሙሉ «ለምን አልተጠየቅኩም?» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ ሰብሳቢው ውኃ ይጠጣል። ይህን ቃል ሌላ ሰው እኔው ላይ ሲለው መስማት ለካ የኮሶ ያህል ይመራል።

«እውነት ነው» አልኩ። «አሁን ልጠይቅሽ። ቤትሽ ነው፤ ፍርዱ ያንቺ ነው። ይኑር ወይስ ይፍረስ?»

አሰበች። ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው። ባጃጁ ቆሞ ይጠብቃል።

«በሩና ምሰሶው ይኑር፣ የራሴ ነው» አለች። «ጣሪያው ግን ያንቺ ይሁንልኝ። በዒድ ዕለት ዝም ያልኩት፣ ያንን ደህና ቆርቆሮሽን በእኔ ቤት ላይ አይቼ፣ አልሃምዱሊላህ፣ እዚያ እንኳን አያፈስብኝም ብዬ ነበር።»